ከአማት ጋር ጥይት ማሻገር

ጓንጉል የአማቱን ጥይቶች ከነሳጥናቸው ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠና ቀበቶ አሰረላቸው። ሕጉ እንዲያ ይላል። በሁለት ሺህ ዘጠናዎቹ ከክልል ወደ ክልል የሚሻገር ጥይት የራሱ ወንበር፣ የራሱ መታወቂያና የራሱ ባለአደራ ሊኖረው ይገባል። መታወቂያው ላይ ፎቶግራፍ አለ። ሦስቱ ጥይቶች ፎቶ ለመነሳት ስቱዲዮ የሄዱ ቤተሰብ ይመስል ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ።

ባለአደራዋ ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው። የጥይቶቹ ባለቤት ግን ታላቅ ወንድማቸው አቶ ደምለው ነበሩ። በደምለው አገር፣ በላይ ደጋ ክልል፣ ለለቅሶና ለሰርግ መተኮስ ይፈቀዳል፤ ጥይት ቤት ማስቀመጥ ግን ክልክል ነው። በአትጠገብ ክልል ደግሞ ማስቀመጥ ይፈቀዳል፤ መተኮስ ክልክል ነው። ሁለቱን ሕጎች ያወጡት ሰዎች ተገናኝተው አያውቁም ይባላል፤ ቢገናኙም የሚስማሙ አይመስልም። ስለዚህ ደምለው ጥይቶቻቸውን ለእህታቸው ሰጡና፣ «የእኔ ቀን ሲደርስ ይዘሻቸው ትመጫለሽ» ብለው ተሰናበቱ። አትጠገብም ሳጥኑን ቁም ሳጥናቸው ውስጥ፣ ለእንግዳ ብቻ ከሚወጡት ብርጭቆዎች ጎን አኖሩት። ወር በገባ ቁጥር አቧራውን ይጠርጉለት ነበር።

አሁን የደምለው ቀን ደርሷል። ሰውዬው ሞተው ተቀብረዋል፤ ሠልስታቸው ነገ ነው። የለቅሶ ተኩስ ፈቃድ ደግሞ ከሠልስት አያልፍም። ይህን ሁሉ የማያውቁት ባለአደራዋ ብቻ ናቸው።

መርዶ እንደ አየር ጠባይ ወሬ በየመንገዱ አይነገርም። አትጠገብ የሚረዱት እዚያው አገራቸው ገብተው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚይዛቸውና የሚደግፋቸው ሰው ከጎናቸው ቆሞ ነው። በዚህ በኩል አገሩ አልተለወጠም። መኪናው ያለ ሾፌር ይሄዳል፣ ኬላው ያለ ፖሊስ ይፈትሻል፤ መርዶ ግን ዛሬም በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው። በመሆኑም ለአትጠገብ፣ የደምለው የልጅ ልጅ ሰርግ በድንገት ቀኑ ተቀደመ፣ ጥይቶቹም ለሰርጉ ይፈለጋሉ ተባለ።

ችግሩ ፈቃዱ ነው። ፈቃድ ላይ ውሸት ከተጻፈ ሳጥኑ ይቆለፍና ጥይቶቹ እስከ ዘላለም ብረት ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ፈቃዱ ላይ እውነቱ ተጽፏል፤ ለቅሶ። በየኬላውም ድምፅ ማጉያው የጉዞውን ምክንያት ጮክ ብሎ ያነባል፤ ባለአደራዋም በገዛ አፋቸው «አዎ» ይላሉ።

የጓንጉል ሚስት ትርንጎ እንባዋን መደበቅ ስለማትችል አስቀድማ ሄዳለች። ጠዋት ስትደውልለት ድምፅዋ ጎርንኖ ነበር።

«እናቴ የወንድሟን ሞት ከኬላ አፍ ከሰማች አንተ ወደ ቤት እንዳትመለስ።»

«የት ልሂድ ታዲያ?»

«ከኬላው ጋር ኑር። ቁርስ አብላት ደግሞ። ከሰማች በኋላ እህል አፏ አይገባም።»

ጓንጉልም አበላቸው። እንቁላል ጠበሰ፣ ቅንጬ በቅቤ አቀረበ፣ ዳቦውን ማር ቀባ። አማቱ «በቃኝ» ባሉ ቁጥር «እኔ ልሙት ይቺን ብቻ» እያለ ገፋላቸው። እሳቸውም አንድ ጊዜ ቀና ብለው ፊቱን አዩትና ዝም ብለው በሉለት።

መኪናው ከከተማ እንደወጣ አትጠገብ ነጠላቸውን አስተካክለው ጠየቁ።

«ሙሽራዪቱ የማን ልጅ ናት?»

«የእህል ነጋዴ ልጅ ናት እማማ።»

«ስሟስ?»

«ሰርካለም።»

«ቆንጆ ናት?»

«እኔ አላየኋትም። ይባላል ግን።»

«እናቷ ታዲያ ከየት ናት?»

ውሸት አንዴ ከጀመሩት ቤተሰቡ ብዙ ነው። ጓንጉል ለሰርካለም እናት አገር ፈለገላት፣ ለአባቷ ወፍጮ ቤት ከፈተላቸው፣ ውጭ አገር የምትኖር ታላቅ እህትም ጨመረላት። አማቱ እየደጋገሙ «እሰይ» ይላሉ። የኋላው ወንበር ላይ ያለው ሳጥን አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ያዳምጣል።

የመጀመሪያው ኬላ የዝግባ በር ነበር። ጓንጉል ለዚህ ተዘጋጅቶበታል። በዚህ ክልል ሕግ መሠረት ኬላው በአገሪቱ ቋንቋዎች ሁሉ መናገር አለበት፤ መንገደኛው የሚፈልገውን ይመርጣል። ጓንጉል ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ እሱም አማቱም የማያውቁትን ቋንቋ መርጦ ነበር። ሀዲይኛን ተጫነ።

አንዲት ጨዋ የሴት ድምፅ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። በመሃል የደምለው ስም ተጠራ። ጓንጉል አማቱን በስርቆት አየ። አትጠገብ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቅዳሴ እንደሚያዳምጥ ሰው፣ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ምንድን ነው የምትለው?» አሉት።

«መልካም ሰርግ ነው የምትለው። አዎ ይበሏት እማማ።»

«አዎ» አሉ አትጠገብ። ቆይተውም «አሜን» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መቀርቀሪያው ተነሳ። ጓንጉል በራሱ ብልጠት ኮርቶ እስከሚቀጥለው ከተማ ድረስ ያፏጭ ነበር።

ሁለተኛው ኬላ ግን ቋንቋ አያስመርጥም። የባለአደራውን የአፍ መፍቻ ከመታወቂያ አንብቦ በዚያው ይናገራል። ጓንጉል ይህን ያወቀው ረጅም ሰልፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ከፊታቸው የሽንኩርት መኪና፣ ከኋላቸው ሕዝብ የጫነ አውቶቡስ አለ፤ ማምለጫ የለም። «እግሬን ላፍታታ» ብሎ ወረደና የኬላዋን ኃላፊ ፍለጋ ሮጠ።

ኃላፊዋ ስንዱ የምትባል ወጣት ናት። ሥራዋ ማሽኑ ሲበላሽ ለጥገና መደወል ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ተበላሽቶ አያውቅም። ጓንጉል በጆሮዋ፣ «እናትየዋ አልተረዱም» አላት። ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለገውም። ስንዱ መኪናውን አየች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ወይኔ እናቴን! ማን ሞቶባቸው ነው?»

«ወንድማቸው። ሰርግ ነው ብለን ነው የምንወስዳቸው።»

«ማሽኑን ማጥፋት አልችልም፤ ከሥራ ያባርሩኛል» አለችና አሰበች። «አጠገቡ አትጩሂ ያለኝ ግን የለም። ቆይ።»

ከመኪና ወደ መኪና፣ ከመስኮት ወደ መስኮት እያጎነበሰች በሹክሹክታ ሄደች። ጓንጉል ሰልፉ በሙሉ ወደ አማቱ ዞሮ ሲያይና ወዲያው እንዳላየ ሲሆን ተመለከተ። የአገሬው ሰው ቀረጥ ሊደብቅ ይችላል፣ ሕግ ሊጥስ ይችላል፤ መርዶ ግን አያፈስም።

ተራቸው ደረሰ። ያቺው የኬላ ድምፅ ጥርት ባለ አማርኛ ጀመረች። «ክብርት ወይዘሮ አትጠገብ፣ የጉዞዎ ምክንያት...»

«እልልልልል!» አለች ስንዱ።

አውቶቡሱ በሙሉ ተቀበላት። የሽንኩርቱ መኪና ክላክሱን ለቀቀው። አንድ ጢማም የጭነት አጃቢ ከጋቢናው ዘሎ ወርዶ አስፋልቱ ላይ እስክስታ ያዘ፤ እስከዚያ ማንም ልብ ያላላቸው መነኩሲት ሳይቀሩ ከአውቶቡሱ በር ላይ ሆነው አጨበጨቡ። ማሽኑ ጫጫታ ሲበዛ ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ የተሠራ ስለሆነ ከፍ አደረገ። ሕዝቡም ከፍ አደረገ። «የወንድምዎ የአቶ...» ትላለች ድምፅዋ፤ «እልልልል!» ይላል ሰልፉ። «ለቅ...» ትላለች፤ «ሙሽራው ይውጣ!» ይላል ጢማሙ።

አትጠገብ የመኪናውን በር ከፍተው ወረዱ። ጓንጉል ሊመልሳቸው ሮጠ። እሳቸው ግን ወገባቸውን በነጠላቸው ጠበቅ አድርገው ከጢማሙ ፊት ቆሙና ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ቀስ ብለው፣ ምቱን ሳይስቱ። ጢማሙ ሲያያቸው ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ላብ ነው አለ በኋላ። ሁካታው ገና ሳይበርድ አማቲቱ ወደ ማሽኑ ዞር አሉና «አዎ» አሉ፤ መልሱ በሚፈለግበት ሰዓት ላይ፣ ሽራፊ ሰከንድ ሳይዘገዩ። ጓንጉል ዕድል ነው አለ። ቀኑን ሙሉ ዕድሉ ጥሩ እንደሆነ ማመን ጀምሯል።

ዕድሉ ያበቃው ስንዱን ተሰናብተው ጥቂት እንደሄዱ ነው። የእጅ አምባሩ ነዘረው፤ መልእክቱን በጉያው ደብቆ አነበበ። «ለለቅሶ በሚጓዘው ጭነት ባለአደራ ላይ ከፍተኛ ደስታ ታይቷል። በቀጣዩ ኬላ ሐዘን ይረጋገጥ። ካልተረጋገጠ ጥይቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ይቆለፋል።» በሌለ ሬሳ ስም ጥይት አሻግረው ለወሰን ጠብ የሚያውሉ ሰዎች ስለበዙ የወጣ ደንብ ነው። ደንቡ አይከፋም። የከፋው እልልታው ነው።

ሦስተኛው ኬላ ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን የቆመ ነው። ማዶው የላይ ደጋ ክልል ነው። ሰው የለም፤ ስንዱ የለችም፤ አንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ብቻ አለች። በሯ ላይ «ሐዘን ማረጋገጫ» ይላል። ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘንብላለች። ጓንጉል መኪናውን ከክፍሏ ጽሑፍ ራቅ አድርጎ አስቆመና፣ «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ እማማ» ብሎ ብቻውን ገባ።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለችው ያቺው ጨዋ ድምፅ።

«የባለአደራዋ አማች ነኝ። እሳቸው ትንሽ ስላልተመቻቸው እኔ ልዘንላቸው ብዬ ነው።»

«ይቀመጡ።»

ተቀመጠ። ከግድግዳው አንድ ክብ መስታወት አፈጠጠበት። ደምለውን ለማሰብ ሞከረ። ሰውዬውን ይወዳቸው ነበር፤ በሰርጉ ቀን ጭፈራውን አይተው «ይሄ ልጅ ጉንዳን ገብቶበታል እንዴ?» ያሉትን አስታወሰና ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ዓይኑን ጨፈነ። የታየው ትርንጎ በር ላይ ቆማ ነው።

«ይህ ሐዘን አይደለም» አለች ድምፅዋ። «ፍርሃት ነው። ሚስትዎን ይፈራሉ?»

«በጣም።»

«ተመዝግቧል። ባለአደራዋ ይግቡ።»

ጓንጉል ወጣ። ከክፍሏ እስከ መኪናው ያለው መንገድ አጭር ነበር፤ እሱ ግን አስረዘመው። ካልነገራቸው ጥይቶቹ ይቆለፋሉ፣ ደምለው ያለ ተኩስ ይቀራሉ። ከነገራቸው ደግሞ አንዲት እናት የወንድማቸውን ሞት ከገደል አፋፍ፣ ያለ ዘመድ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ከቆርቆሮ ክፍል አጠገብ ሊሰሙ ነው። በሩን ከፈተና ከመንገዱ ዳር በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ።

«እማማ...» ብሎ ጀመረ።

«ተው!» አትጠገብ እጃቸውን አነሱ። «አንተ አታረዳኝም። ለአንተ አይሆንም። ተነስ፣ ሱሪህ ይቆሽሻል።»

ጓንጉል እዚያው እንደተንበረከከ ቀረ።

«እማማ፣ ያውቃሉ?»

«ልጄ፣ ሰው ሰርግ ለሚበላ ሰው ቁርስ ሦስት ዓይነት ያጎርሳል? ሰርግ ቢሆን 'ሆድዎን ያስተርፉ' ትለኝ ነበር። እንቁላሉን ስታመጣ አንድ ሰው ሞቷል አልኩ። ማሩን ስትቀባ ደምለው ነው አልኩ።»

«ታዲያ ለምን...»

«የዝግባ በሯም ነግራኛለች። ትርንጎ ሳትወለድ፣ የመጀመሪያ ባሌ ወታደር እያለ፣ ሆሳዕና ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ሀዲይኛ አንተ ከምትናገረው አማርኛ አጥርቼ ነው የምሰማው።»

ጓንጉል ሁለተኛውን ጉልበቱንም አወረደ።

«ያን ሁሉ ስለ ሰርካለም ሲጠይቁኝስ?»

«ወሬህ ጣመኛ። ወፍጮ ቤቱ ደስ ብሎኛል።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ግን አልታዘዘላቸውም። «እናንተ ሰርግ ስትሉኝ ደምለው በሕይወት አለ ማለት ነው። ድንኳን ሲያስተክል፣ በሬ ሲያስጥል፣ ሰው ሲሳደብ ይታየኛል። አንድ ቀን ይጨመርለት ብዬ ዝም አልኩ። ለወንድሜ አንድ ቀን ብሰርቅለት ምን ይለኛል? ትከሻዬንም የነቀነቅሁት ለሱ ነው፤ ጭፈራ ይወድ ነበር። እስከዚህ ኬላ ድረስ አልሞተም ነበር ጓንጉል።»

ከዚያ ወረዱ። ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ ላይ አደረጉት፤ ሳጥኑን ከነቀበቶው ከኋላ ወንበር አውጥተው እንደ ሕፃን ታቀፉትና ቆርቆሮው ክፍል ውስጥ ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ጓንጉል ብዙ ለቅሶ ሰምቷል። እንዲህ ያለ ግን ሰምቶ አያውቅም፤ ማንም እንዲሰማው ያልታሰበ ነበርና። ያሳደገኝ እያሉ፣ አዝሎ ወንዝ ያሻገረኝ እያሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለደምለው ብቻ ይነግሯቸው ነበር። ጓንጉል ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ አለቀሰ። በዚህን ጊዜ ማሽኑ ቢያየው ኖሮ ያልፍ ነበር። ክፍሏ ውስጥ ያቺ ጨዋ ድምፅ በመጨረሻ ዝግ ብላ «ተረጋግጧል» አለች። መቀርቀሪያው ተነሳ።

አትጠገብ ወጥተው ፊታቸውን በጠርሙስ ውሃ ታጠቡ። ነጠላቸውን መልሰው በደኅናው አጣፉት፤ ጥለቱ ወደ ታች ወረደ።

«አሁን ስማኝ» አሉ መኪናው ሲነሳ። «ይርሳውና ሽማግሌዎቹ ጠዋት ሊያረዱኝ ተሰናድተዋል። ይርሳው የደምለው ጓደኛ ነው፤ አብረው ከብት ጠብቀው፣ አብረው ዘምተው ነው ያረጁት። የወረዳውን ግማሽ ያረዳው እሱ ነው፤ ዓይኑ እርጥብ ሳይሆን፣ ቃል ሳይስት። ይኼን ወግ አላበላሽባቸውም። እኔ ምንም አልሰማሁም። ትርንጎም እንዳታውቅ።»

«አላወጣም እማማ።»

«ሰርካለምን የፈጠረ ሰው ይሄ አያቅተውም።»

ላይ ደጋ ሲገቡ መሸ። ጎረቤት ቤት አሳደሯቸው፤ የሙሽራው ቤት ቀለም እየተቀባ ነው ተባለ። አትጠገብ «ይበጃችሁ» ብለው ተኙ። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ፤ ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን እያወለቁ አንድ በአንድ ገቡ። ትርንጎ ከሴቶቹ ጋር ደጅ ቆማለች። ጓንጉልን ስታየው በዓይኗ ጠየቀችው፤ እሱም ራሱን ነቅንቆ «ምንም» አላት። በሕይወቱ እንደዚያ አምሮበት ዋሽቶ አያውቅም።

አትጠገብ መደብ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ሁለት ሴቶች እንዲይዟቸው በግራና በቀኝ ቆሙ። አቶ ይርሳው ከመሃል ወጥተው ከዘራቸውን ተደገፉ።

«አትጠገብ» አሉ። «እንግዲህ... እንዴት አደርሽ?»

«ደኅና፣ እግዜር ይመስገን።»

«መንገዱስ?»

«ደኅና ነበር።»

«ያው እንግዲህ... ሁላችንም...» ሽማግሌው ቆሙ። ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዞሩ። «ደምለው...» አሉና ስሙ ላይ ሲደርሱ አቋረጡ። እንደገና ጀመሩ። «ደምለው ማለት...» አልሆነም። ያን ሁሉ ቤት ያረዱት ሰው ቃሉ ከአፋቸው አልወጣ አለ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ፤ አንዱ የይርሳውን እጅጌ ሳብ አደረጉ፤ ሌላ ሰው ይንገር ለማለት ግን የደፈረ የለም።

አትጠገብ ከመደቡ ተነሱ። ሴቶቹ ሊይዟቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ እሳቸው ግን አልፈዋቸው ሄደው የሽማግሌውን ሁለት እጆች ያዙ።

«ይርሳው» አሉ። «ደምለው ሞቷል። ወንድማችን ሞተ።»

ደምለውን በገዛ እጃቸው አፈር ያለበሱት ይርሳው፣ ገና አሁን እንደሰማ ሰው ጮኹ። ከዘራው ወደቀ። ቤቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ አለቀሰ፤ ደጅ ያሉት ገቡ፣ ትርንጎ እናቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ማን ማንን እንዳረዳ ለመለየት ጊዜ ያለው ሰው አልነበረም።

ረፋዱ ላይ ለቅሶው ሜዳ ወጣ። የቀበሌው የጋራ ጠብመንጃ በውሰት መጣ። ሕጉ ተኳሹ ባለአደራው ወይም ሐዘኑ የተረጋገጠለት ሰው ይሁን ይላል፤ አትጠገብ ሳጥኑን ለይርሳው አቀበሏቸው። ጓንጉል ማረጋገጫው ከየት ይምጣ ብሎ ተጨነቀ፤ ቅርቡ ኬላ ሩቅ ነው፣ ቀኑም ሠልስት ነው።

ሳጥኑ አረንጓዴ ዓይኑን ወደ ሽማግሌው ፊት አቀና። ለአፍታ አያቸው። ከዚያ ስም ሳይጠይቅ፣ ምክንያት ሳያነብ፣ ተከፈተላቸው።